ትንፋሽን ማዳመጥና ቃሉን ማሰላሰል



ከጥቂት ጊዜ በፊት ጉደር የምታስተምር አንዲት እህት አምቦ ድረስ መጥታ አነጋገረችኝ። ወንድሟን ካጣች ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ጓደኛዋ በስልኳ ላይ በጫነችላት «ማይንድፉልነስ» በሚባል የተመስጦ ልምምድ ማታ ማታ ዐይኗን ጨፍና ትንፋሿን ስታዳምጥ ግን ጥቂት መተኛት ጀምራ ነበር። እኔ ነገሩን ሳላጣራ «የባዕድ አምልኮ ነው፣ አጥፊው» አልኳት። አጠፋችው። እንቅልፏም አብሮ ጠፋ።

ሁለተኛ ስትመጣ በመጀመሪያው ቀን ያላስጨረስኳትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ፓስተር፣ ትምህርቱ ጠለቅ እያለ ሲሄድ፣ ሐዘን የሚመጣው አላፊውን ነገር አጥብቀን ስለምንይዝ ነው ይላል። ታዲያ ጥፋቴ ወንድሜን መውደዴ ነው?»

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ልምምዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች ሥልጠና ጀመሩ። እርሳቸው ራሳቸው ከቡድሂስት መምህራን የተማሩ ቢሆኑም በሆስፒታሉ ሃይማኖታዊውን ቋንቋ ትተውታል። ዛሬ ስምንት ሳምንት የሚፈጀው ይህ ሥልጠና ቁጭ ብሎ ትንፋሽን መከታተልን፣ ሐሳብ ሲባዝን ሳይቆጡ መመለስን ያካትታል። ትንፋሽ ሲረጋ ሰውነት ይረጋል። ይህን ኃጢአት የምልበት ምክንያት የለኝም። ሞትን የተመኘውን ኤልያስንም ጌታ ከመናገሩ በፊት አስተኝቶታል፣ አብልቶታል (1ነገ 19፥5-8)።

ሁለተኛው «ልምምድህን አጥልቅ» ሲባል የሚመጣው ትምህርት ነው። በቡድሃ ትምህርት ይህ ንቃት «ሳቲ» ይባላል፤ ስምንት ክፍል ባለው መንገዳቸው ሰባተኛው ነው። ግቡም እንቅልፍ አይደለም። ሰው ሐሳቡና ስሜቱ ሲመጣና ሲሄድ እያየ፣ ሁሉ አላፊ መሆኑን፣ በመጨረሻም «እኔ» የሚባል ጸንቶ የሚኖር ማንነት አለመኖሩን እንዲያስተውል፣ ከሙጥኝ ማለትም እንዲላቀቅ ነው። ስለ ፍቅርና ርኅራኄም ያስተምራሉ፤ ይህን ልንክድባቸው አይገባም። ይሁንና ጉዞው የሚሄድበት ስፍራ ሌላ ነው። በኤስ. ኤን. ጎኤንካ ስም በብዙ አገሮች የሚሰጠውን የአሥር ቀን የዝምታ ሥልጠና ብንወስድ፣ ተማሪው ሲጀምር በቡድሃና በትምህርቱ እጠጋለሁ ይላል፤ እስኪፈጽምም ጸሎት እንዲያቆም ይጠየቃል። በግልጽ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል። አማኝ ግን አሥር ቀን አባቱን ሳይጠራ ምን ያደርጋል?

ነገር ሁሉ አላፊ መሆኑን መክብብም ያውቃል። እግዚአብሔር ግን ሰውን በስሙ ይጠራል (ኢሳ 43፥1)። ለእህታችን ያነበብኩላት ዮሐንስ 11ን ነው። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ በመቃብሩ መንገድ ላይ አለቀሰ። መውደድ ጥፋት ቢሆን ኖሮ እርሱ ባላለቀሰ ነበር። ከዚያም ወዳጁን በስሙ ጠራው።

ታዲያ ለእኛ ማሰላሰል ምንድን ነው? በመዝሙር 1፥2 እና በኢያሱ 1፥8 ያለው የዕብራይስጥ ቃል «ሃጋ» ነው። ይኸው ቃል አንበሳ ባደነው ላይ ሲያጉረመርም (ኢሳ 31፥4)፣ ርግብም ስታንጎራጉር (ኢሳ 38፥14) ይነገራል። ድምፅ ያለበት ነገር ነው፤ አፍ ይሠራል። ላም የበላችውን መልሳ እንደምታመሰኳው ማለት ነው። በየገጠሩ እናቶቻችን ቡና እየቆሉ አንዲት ጥቅስ በአፋን ኦሮሞ ደጋግመው በከንፈራቸው ሲሉ አይታችሁ አታውቁም? ሜዲቴሽን የሚለውን ስም ሳይሰሙ ያሰላስላሉ። እኛ በኮሌጅ የተማርነው ይህን ልማድ ንቀን ትተነው፣ ልጆቻችን ዝምታን ከስልክ ቢማሩ ምን ይደንቃል?

ከእህታችን ጋር የተስማማነው ይህን ነው። ማታ ቁጭ ትላለች፤ ትንፋሿ እስኪረጋ ጥቂት ትቆያለች። ከዚያ መዝሙር 42ን ትከፍትና አንዱን ቁጥር ብቻ ይዛ በለሆሳስ ትደጋግመዋለች። መዝሙረኛው እዚያ የገዛ ነፍሱን ይጠይቃታል እንጂ የለችም አይላትም። የወንድሟንም ስም እየጠራች ለጌታ ትነግረዋለች፤ ልቅሶ ከመጣ ታለቅሳለች።

እንቅልፏ ገና በሙሉ አልተመለሰም። ሐኪም ዘንድም ትመላለሳለች፤ የላክኋት እኔው ነኝ።