ሥልጣኑን በአንቀጽ በአንቀጽ ያገኘው ፓርላማ

በ1952 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከስድስት አገሮች የተውጣጡ 78 እንደራሴዎች ስትራስቡርግ ላይ ተሰበሰቡ። ሕዝብ አልመረጣቸውም፤ የየአገራቸው ምክር ቤቶች ከአባሎቻቸው መካከል የላኳቸው ነበሩ። የአውሮፓ የከሰልና የብረት ማኅበረሰብን አስተዳደር ይቆጣጠራሉ እንጂ ሕግ አያወጡም። የዛሬው የአውሮፓ ፓርላማ ግን 720 አባላት አሉት፤ ወደ 450 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብም በአብዛኛዎቹ ጉዳዮች ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ጋር እኩል ሆኖ ሕግ ያጸድቃል።

ይህን ሥልጣን በአንድ ጊዜ የሰጠው ማንም የለም። መንግሥታቱ አዲስ ስምምነት በፈረሙ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ለቀቁለት፤ ፓርላማውም ያገኛትን ቀዳዳ ሁሉ እስከ መጨረሻው ተጠቀመባት።

የ1975ቱ ስምምነት በጀትን በሙሉ የመጣል መብት ሰጠው። በ1979 ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን በቀጥታ መረጠ፤ ከአውሽዊትዝ የሞት ካምፕ የተረፉት ሲሞን ቬይም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያ ዓመት ሳያልቅ አዲሶቹ እንደራሴዎች የቀጣዩን ዓመት በጀት ውድቅ አደረጉት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የአይሶግሉኮስ ጉዳይ ነው። ሚኒስትሮቹ ስለዚህ ከበቆሎ ስለሚሠራ ጣፋጭ ደንብ ሲያወጡ የፓርላማውን አስተያየት ጠየቁ፤ መልሱን ግን ሳይጠብቁ አጸደቁት። የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት በ1980 ደንቡን ሻረው። ስምምነቱ ፓርላማው ይማከር ካለ፣ ሚኒስትሮቹ ሐሳቡን ሳይሰሙ መወሰን አይችሉም ማለት ነው። በሕግ አወጣጥ አማካሪ ብቻ የነበረው ተቋም መልሱን በማዘግየት መደራደር እንደሚችል ያኔ ተረዳ።

ትልቁ ለውጥ በ1992 በማስትሪክት ተፈረመ። በተወሰኑ ጉዳዮች ፓርላማው ካልተስማማ ሕጉ አይወጣም ተባለ። ዴንማርኮች ግን በሕዝበ ውሳኔ 50.7 በመቶ ሆነው ስምምነቱን ስለተቃወሙ፣ ልዩ ሁኔታዎች ተጨምረውላቸው በዓመቱ ዳግም ድምፅ ሰጡ። በ2005 ፈረንሳይና ኔዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረትን ሕገ መንግሥት ውድቅ ሲያደርጉ፣ አብዛኛው ይዘቱ ወደ ሊዝበን ስምምነት ተሸጋገረ። እሱንም የአየርላንድ ሕዝብ በ2008 አልቀበልም ብሎ፣ በቀጣዩ ዓመት ተቀበለው።

የሊዝበን ስምምነት በታኅሣሥ 2009 ሲጸና ፓርላማው በግብርና ሕግና በዓለም አቀፍ ውሎች ላይም ወሳኝ ድምፅ አገኘ። ሦስት ወር ሳይሞላው ተጠቀመበት፦ የአውሮፓውያንን የባንክ መረጃ ለአሜሪካ የሚያስተላልፈውን የስዊፍት ውል በ378 ለ196 ድምፅ ጣለው። ለግል መረጃ የተሻለ ጥበቃ ከተጨመረ በኋላ ግን ውሉን በጣለበት በዚያው ዓመት አጸደቀው።

ስምምነት የሚሰጠውን ያህል ያስራል። አባላቱ ሌላውን ሥራቸውን በአብዛኛው ብራስልስ እየሠሩ፣ በዓመት 12 ጊዜ ስትራስቡርግ እንዲሰበሰቡ የአምስተርዳም ስምምነት ያስገድዳቸዋል። ከዚህ የከፋው ጉድለት ሌላ ነው። በሕዝብ ቀጥታ ድምፅ የተመረጠው ይህ ተቋም ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር ረቂቅ ሕግ ማመንጨት አይችልም፤ መብቱ ያለው በኅብረቱ አስፈጻሚ አካል በአውሮፓ ኮሚሽን እጅ ነው። ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ሕግ ለማቅረብ የሌላውን በጎ ፈቃድ መጠበቁ ተገቢ አይደለም።

ፓርላማው ይህን መብት ጨምሮ ስምምነቶቹ እንዲሻሻሉ በኅዳር 2023 በ291 ለ274 ድምፅ ጠይቋል። የማሻሻያ ጉባኤ ለመጥራት የአባል አገሮቹ መሪዎች አብላጫ ድምፅ ይበቃል፤ ማሻሻያው እንዲጸና ግን 27ቱም አገሮች ማጽደቅ አለባቸው።