የዱባ ዘር በእጅ እንዴት ይዘጋጃል?

በክረምት ወራት በሰቆጣ ዙሪያ ወደ አንድ ጓሮ ብንገባ የዱባ ሐረግ አጥሩን ተሻግሮ፣ ቢጫ አበባ ለብሶ እናገኘዋለን። ባለቤቲቱ ግን ደስ አይላቸውም። «አበባው ሞልቷል፤ ፍሬው ግን አውራ ጣት አክሎ ይበሰብሳል» ይላሉ። አንዱ ዓይን በላው ይላል፣ ሌላው መሬቱን ይረግማል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው።

ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል። ሴቴዋ ግን ገና ሳትፈነዳ ከሥሯ ትንሽዬ ዱባ ይዛ ትታያለች። መለየቱ ለሕፃን ልጅ እንኳ አያስቸግርም። በመጀመሪያ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ወንዴዎቹ ናቸው፤ ፈንድተው ይረግፋሉ። ይህን አይቶ «ሐረጉ መካን ነው» ብሎ የሚነቅል ሰው አለ። አትንቀሉት፤ ሴቴዎቹ ገና እየመጡ ነው።

ትንሿ ዱባ እንድታድግ በወንዴው አበባ ውስጥ ያለው ቢጫ ዱቄት ሴቴዋ መካከል ማረፍ አለበት። በትምህርት ቤት ርክበ ብናኝ ብለን የተማርነው ይህንኑ ነው። የዱባ ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ የሚያደርሰው ንብ ነው። ዋግ የማር አገር ሆኖ ንብ መች ጠፋ ትሉ ይሆናል። ችግሩ ጊዜው ነው። አበባው ጎሕ ሲቀድ ይፈነዳል፤ ቀትር ሳይደርስ ይጠወልጋል፤ ዕድሜው ያቺው አንድ ጠዋት ናት። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋቱን ዝናብ ከያዘው ንብ ከቀፎዋ አትወጣም። ያን ዕለት የፈነዳችው ሴቴ ዱቄት ሳታገኝ ትከደናለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትወድቃለች።

እንግዲህ ንብ በቀረችበት ሰው ይተካ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ወንዴውን ቆርጦ፣ ቅጠሉን ገፎ፣ መካከሉን ከሴቴዋ መካከል ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። ይህ የእጅ ሥራ ዓለምን የጠቀመ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ኤድመንድ አልቢየስ የተባለ በባርነት የነበረ የ12 ዓመት ልጅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው ሬዩንዮን ደሴት፣ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ ቫኒላን ፍሬ እንዲይዝ አድርጓል። ዛሬም የቫኒላ ገበሬዎች የሚሠሩት በእሱ ዘዴ ነው።

ለዘር ሲሆን ግን አንድ ሥራ ይጨመራል። ንብ ከጎረቤት ጓሮ የሌላ ዓይነት ዱባ ዱቄት ልታመጣ ትችላለች። ዘንድሮ የምትበሉት ዱባ አይለወጥም፤ ለውጡ በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ለከርሞ ይወጣል። ጣፋጩን ዘርቶ ውኃ ውኃ የሚል ማግኘት ከዚህ ይመጣል። (ቅል አጠገቡ ስለበቀለ ነው የሚባለው ግን ልክ አይደለም። የቅል አበባ ነጭ ነው፣ የሚፈነዳውም ወደ ማታ ነው፤ ከዱባ ጋር አይዳቀልም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል የተባለው እዚህም ይሠራል።)

ስለዚህ በዋዜማው ማታ፣ ጫፋቸው ቢጫ የሆኑትን ለነገ የሚፈነዱ እምቡጦች፣ ወንዴውንም ሴቴውንም፣ በፈትል እሰሩ። ወንዴው ከሌላ ሐረግ ግን ከዚያው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ጠዋት ፈታችሁ አሹ፤ ሴቴዋን መልሳችሁ እሰሯት። በዘንጓ ላይም ቀለም ያለው ክር ቋጥሩ፤ አለዚያ አንድ ቀን ወጥ ውስጥ ትገባለች።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዋግን ክፉኛ ሲጎዳ ያየ ሰው ዘር አጥቶ ዝናብን መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንዲት በሚገባ የተዳቀለች ዱባ ግን ለብዙ ጓሮ የሚበቃ ዘር ትሰጣለች።

ዱባዋን ቆዳዋ ጥፍር እስከማያስገባ ድረስ በሐረጉ ላይ ተዉአት። ከቆረጣችሁ በኋላም አንድ ወር ያህል ቤት አቆዩአት፤ ዘሩ የሚሞላው ያኔ ነው። ከዚያ ዘሩን አጥባችሁ በሰፌድ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ አድርቁ። ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ ጥቂት ቀን ይቆይ።