ሳይቃጠል በቅጠል፦ ያረጀ ላንድክሩዘር ከመቆሙ በፊት የሚሰጣቸው ምልክቶች

በገጠር ወረዳዎች ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው፣ ክትባት እና ምርጥ ዘር ወደ ቀበሌ የሚያዘልቀው ተሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው የገፋ ላንድክሩዘር ነው። እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ሲቆም ጉዳቱ የጥገና ወጪ ብቻ አይደለም። ታማሚው ሕክምና ሳያገኝ ይቆያል፤ ዘሩም የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

አሮጌውን በአዲስ መተካትም ቀላል አይደለም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ተጥሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ ጠብቆ ማቆየት ለባለንብረቱም ሆነ ለመሥሪያ ቤቱ የግድ ሆኗል።

በገጠር መንገዶች በብዛት የሚታየው የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ምርት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በብዙዎቹ ላይ የተገጠመው «1ኤችዜድ» የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4 ነጥብ 2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ናፍጣውንም የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ ነው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ አብዛኛውን ችግር ያለ ኮምፒውተር፣ በዓይን፣ በጆሮ እና በአፍንጫ መለየት ይቻላል። በድንገት ቆመ የሚባል ተሽከርካሪም ብዙ ጊዜ በድንገት የቆመ አይደለም። አስቀድሞ በፍሳሽ፣ በሙቀት፣ በጭስ እና በድምፅ ራሱን አሳውቋል።

ከመነሣት በፊት 15 ደቂቃ

ገበሬ ቀንበር ከመጫኑ በፊት የበሬውን ጫንቃ ያያል። አሽከርካሪም ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ይገባዋል። ምርመራው የሚደረገው ተሽከርካሪው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው።

በቅድሚያ የሚታየው የሞተር ዘይት ነው። በጋራዥ ቋንቋ ሊቬሎ የሚባለው የመለኪያ ዘንግ ተመዝዞ ይጠረግና እንደገና ገብቶ ይወጣል። የዘይቱ መጠን በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ የተለመደ ስለሆነ አያሠጋም። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ግን ውኃ ተቀላቅሎበታልና ሞተሩ ሳይነሣ መካኒክ ሊያየው ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የራዲያተር ውኃ እና የፍሬን ዘይት መጠን ይታያል። የፍሬን ዘይት በየጊዜው የሚቀንስ ከሆነ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ አለበለዚያ የሚያፈስ ቦታ አለ። መንስኤውን ሳይፈልጉ ዘይት እየጨመሩ መሄድ አደጋውን ማዘግየት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተሽከርካሪው ያደረበትን መሬት ማየት ነው። ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ እና ቀጭን ጠብታ የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። ጣፋጭ ሽታ ያለው አረንጓዴ ወይም ቀይ ፈሳሽ ከማቀዝቀዣው የወጣ ነው። በጎማ ውስጠኛ ጎን የሚታይ እርጥበት ግን ከሁሉም ይልቅ ትኩረት ይሻል። ወይ የፍሬን ዘይት ነው፣ ወይ ከአክስሉ ወጥቶ የፍሬን ሸራውን የሚያርስ ወፍራም ዘይት ነው። ሁለቱም ፍሬን ያሳጣሉ።

ሙቀት፦ የከፍታው እና የክዳኑ ነገር

ውኃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በ2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ደግሞ ሞተር በጤናማ ሁኔታ ከሚሠራበት ሙቀት ብዙም አይርቅም።

በደጋ አካባቢ ውኃው በሥራ ሰዓት እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በስፕሪንግ እና በጎማ ታግዞ ውስጡን በግፊት ይይዛል፤ ግፊቱም የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውኃውም ይፈላል። ስለዚህ ሞተር ሞቀ ሲባል ቴስታታ ከማስፈታት በፊት ዋጋው አነስተኛ የሆነውን ክዳን መመርመር ተገቢ ነው።

ከክዳኑ በኋላ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። የውኃ ቱቦዎቹ የላሉ ወይም የተሰነጠቁ መሆናቸው፣ ቺንጊያው መላላቱ፣ ማራገቢያው በኃይል አለመዞሩ በየተራ ይታያል። በመኸር ወቅት የእህል ገለባ እና የሣር ፍሬ በራዲያተሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ አየር ይከለክላል። ይህን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በዝግታ ውኃ በመርጨት ማጠብ ይቻላል፤ ኃይለኛ ግፊት ያለው ውኃ ግን ስስ ክንፎቹን ያጣምማል።

የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውኃ ብቻ መጨመርም የሚያስከትለው ችግር አለ። በቤት ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚቀረው ነጭ ቅርፊት፣ በውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ዝገቱም ይጨመርበታል። ንጹሕ ውኃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር እኩል ለእኩል ሲቀላቀል ዝገትን ይከላከላል፤ የመፍያውንም ሙቀት ይጨምራል።

ሞተር እንዳይሞቅ በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም በአንዳንድ ጋራዦች የተለመደ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዝ በር ነው። እርሱ ሲወጣ ሞተሩ በብርድ ለረጅም ጊዜ ይሠራል፤ ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ የሞተሩም ዕድሜ ያጥራል። መፍትሔው የተበላሸውን በአዲስ መተካት ነው።

መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ከተጠጋ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት እና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይገባል። ትኩስ ራዲያተርን መክፈት ፊትን እና እጅን ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ደግሞ ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ጭሱ ምን ይላል?

ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ያሳያል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ነው። በ2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተስተካከለ ፓምፕ በደጋ ጥቁር ጭስ ሊያወጣ ይችላል። ማጣሪያው ከጸዳ በኋላ ጭሱ ካልቀነሰ የናፍጣ መርጫ ኖዝሎች መመርመር አለባቸው።

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። የፒስተን ቀለበቶች ወይም የቫልቭ ጎማዎች አልቀዋል ማለት ነው። ሞተሩ ወዲያው ላይቆም ይችላል፤ ዘይቱ ግን በየቀኑ መለካት አለበት።

ነጭ ጭስ ሁለት ትርጉም አለው። በብርድ ጠዋት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ናፍጣውን ለማቀጣጠል የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ደክመዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ እና የራዲያተር ውኃ ያለ ፍሳሽ ከቀነሰ ግን፣ በቴስታታ ጓርኒሲዮን በኩል ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። በዚህ ሁኔታ ረጅም ጉዞ መጀመር አይገባም።

አልነሣ ሲል

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረ ወይም «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ችግሩ በኤሌክትሪክ በኩል ነው። መብራቱን አብርቶ ማስነሣት መሞከር ይጠቅማል። መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም በባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ዝገት ተጋግሯል። ዝገቱ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ማሰሪያው ጠብቆ፣ ግራሶ ይቀባል። መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሩ ካልዞረ ሞተሪኖው መታየት አለበት።

ሞተሩ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ግን ናፍጣ አልደረሰውም። በፓምፑ ላይ ናፍጣ የሚከፍት እና የሚዘጋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ አለ። ወደ እርሱ የምትሄደው አንዲት ሽቦ ከወለቀች ሞተሩ አይነሣም። ማጣሪያው መዘጋቱ፣ በመስመሩ አየር መግባቱ ወይም ናፍጣው ውኃ መያዙም ሊሆን ይችላል።

በበርሜል እና በጀሪካን የቆየ ናፍጣ ውኃ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። ፓምፑ የሚለሰልሰው በናፍጣው ራሱ ስለሆነ ውኃ ሲገባ ውስጡ ይፋቃል። በናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን መክፈቻ ላላ አድርጎ፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫኑ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ማፍሰስ በክረምት በየሳምንቱ ሊሠራ የሚገባው ነው። ታንከሩን ማታ ሞልቶ ማሳደርም በባዶው ቦታ ጤዛ እንዳይጠራቀም ያግዛል።

ቁልቁለት እና ፍሬን

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ይወጣል። የሊማሊሞ ጠመዝማዛም የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ፍሬንን ያለማቋረጥ መርገጥ የፍሬን ዘይቱን ያፈላዋል። ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ እያረጀ ሲሄድ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። ሲፈላም አረፋ ይፈጥራል፤ ፔዳሉም እስከ ወለል ይሰምጣል። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። የሞተር ዘይት በምትኩ መጨመር የፍሬኑን ጎማዎች ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አይደረግም።

ቁልቁለቱን ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ መውረድ ዋነኛው ጥንቃቄ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ወይም ሞተር አጥፍቶ መልቀቅ ሕይወት ያስከፍላል። የፍሬኑ አጋዥ ኃይል የሚመጣው ከዲናሞው ጋር ከሚዞር የአየር መሳቢያ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል።

መዝገብ የሌለው ተሽከርካሪ

በ1ኤችዜድ ሞተር ላይ ታይሚንግ ቺንጊያ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ በጥቂት ሰዓት ሥራ የሚያልቀው ጥገናም ሞተር ወደ ማስፈታት ያድጋል። ችግሩ ቺንጊያው ምልክት ሳይሰጥ መበጠሱ ነው። ከሌሎቹ ብልሽቶች የሚለየውም በዚህ ነው፤ በዓይን እና በጆሮ አይጠበቅም። ጠባቂው መዝገብ ብቻ ነው።

በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ሁለት ሦስት አሽከርካሪዎች በሚፈራረቁባቸው መሥሪያ ቤቶች ይህ ይበልጥ ይጸናል። ዘይት፣ ማጣሪያ፣ ቺንጊያ እና የፍሬን ዘይት የተቀየረበት ቀን እና የኪሎ ሜትር ቁጥር በአንድ ደብተር መስፈር አለበት። በአቧራማ መንገድ የሞተር ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር፣ በዚያው ቀንም የካርዳን መስቀሎችን ግራሶ መሙላት ይመከራል። ጥልቅ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የዲፈረንሻል ዘይት ውኃ አለመያዙን ማየት ይገባል። ያገለገለ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰውም ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ካላገኘ፣ አልተቀየረም ብሎ ቢነሣ ይሻላል።

የጥገና ገንዘብ ከማውጣት በፊትም አንድ ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር እና ውጤቱን ማየት ይበጃል። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን ከተቀየረ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ ችግሩ ሲመለስም ፍለጋው እንደገና ይጀመራል።

ብዙዎቹ ምልክቶች እስከ ቀጣዩ ጋራዥ ድረስ ጊዜ ይሰጣሉ። ሦስቱ ግን አይሰጡም፤ የሙቀት መለኪያው ቀይ ሲነካ፣ የዘይት መብራት ሲበራ እና የፍሬን ፔዳል ሲሰምጥ። ከሦስቱ አንዱ ከታየ ተሳፋሪው ማንም ይሁን፣ መንገዱ የቱንም ያህል ይቅረብ፣ ተሽከርካሪው ባለበት መቆም አለበት። አምቡላንስም ከሆነ በዚያው ቅጽበት ሌላ ተሽከርካሪ መጥራት ታማሚውን ፈጥኖ የሚያደርሰው መንገድ ነው።