ከ48 ሰዓት በኋላ

ሰው ተይዞ ቀን ሲያልፍ ቤተሰቡ ከጣቢያ ጣቢያ ይንከራተታል፤ ስንቅ የሚቀበል ፖሊስ ካገኘ እሰየው። ሕጉ ግን ሌላ በር ከፍቷል፤ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ።

መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ይህች ቅንፍ ለሩቅ ወረዳ ታገለግል ይሆናል፤ ገርጂ ወይም ጎሮ የተያዘን ሰው ቦሌ ምድብ ችሎት ለማድረስ ግን የመገናኛ መጨናነቅ ተጨምሮበትም አንድ ቀን አይፈጅም።

ሰዓቱ ሲያልፍ በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ይመጣል። እስረኛው በመሐላ ቃል የተደገፈ አቤቱታ ያቀርባል፤ እሱ ካልቻለ ሌላ ሰው ያቀርብለታል። ፍርድ ቤቱም ያሠረው ክፍል እስረኛውን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዛል። ምክንያቱ ሕጋዊ ካልሆነ ወዲያው ይለቀቃል።

ፖሊስ በአምስተኛው ቀን አቅርቦ የጊዜ ቀጠሮ ቢያስፈቅድስ? ቀጠሮው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ግን እስሩ አዲስ መሠረት አገኘ የሚል ክርክር ይነሳል። እኔ አልቀበለውም። የኋላ ፈቃድ ያለፉትን ቀናት ሕጋዊ አያደርግም።

ወንጀል ሳይፈጸም ለመከላከል በሚደረግ እስር መዘግየት ይበልጥ ይከብዳል። ሕንድ ይህን እስር በሕገ መንግሥቷ ትፈቅዳለች፤ ፍርድ ቤቶቿ ግን ትእዛዙ ሳይወጣ ወይም ሳይፈጸም ያለ በቂ ምክንያት ከቆየ በሥጋቱና በእስሩ መካከል ያለው ትስስር ተበጥሷል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከትሪፑራ የመጣ ትእዛዝን ሲሽር አንዱ ምክንያቱ ከፖሊስ ጥያቄ እስከ ትእዛዙ ከአራት ወር በላይ ማለፉ ነበር። ሥጋቱ አጣዳፊ ከሆነ ያን ያህል ምን ተጠበቀ?

እኛ ዘንድ ለዚህ እስር የሚቀርበው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ከጥቅምት 2014 እስከ የካቲት 2014 በቆየው አዋጅ፣ በምክንያታዊ ጥርጣሬ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ተፈቅዶ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ግን የአዋጁን አፈጻጸም ለሚከታተለው መርማሪ ቦርድ ቀን ቆርጦለታል፤ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል። ወሩ አልፎ ስሙ ያልወጣ እስረኛ ምን እንደሚሆን ግን አንቀጹ አይናገርም።