ቤቴን ዕዳ እንዳይነካብኝ፦ ሔቭራ ባአም ወይስ ኔኤማኑት?

እዚህ ረሆቦት የጽዳት፣ የእድሳትና የማጓጓዣ ሥራ የከፈቱ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አንድ ጥያቄ ያቀርቡልኛል፦ «ነገ ብከሰስ ቤቴን እንዳይወስዱብኝ ምን ላድርግ?» በከተማችን ኪርያት ሞሼ ሰፈር ውስጥ ደግሞ የፒኑይ ቢኑይ፣ አሮጌ ሕንፃ አፍርሶ አዲስ የመሥራት፣ ወሬ ከመጣ ወዲህ አፓርታማው የቤተሰቡ ትልቁ ሀብት ስለሆነ ጭንቀቱ ይገባኛል። አንዳንዶቹ በዩቲዩብ የአሜሪካን «ኤልኤልሲ» እና «ትረስት» አይተው ይመጣሉ። እኛን የሚገዛን ግን የእስራኤል ሕግ ነው።

በግል ስማችሁ የምትነግዱ ኦሴክ ፓቱር ወይም ኦሴክ ሙርሼ ከሆናችሁ የሥራው ዕዳ የእናንተው ዕዳ ነው። በሆፃአ ላፖዓል፣ በፍርድ አፈጻጸም ቢሮ፣ ፋይል ከተከፈተባችሁ የባንክ ሒሳባችሁም፣ በታቡ (በመሬት መዝገብ) በስማችሁ የተመዘገበው ቤትም ሊታገድ ይችላል። ሔቭራ ባአም፣ አገር ቤት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የምንለው ዓይነት፣ በሕግ ፊት ከእናንተ የተለየ ሰው ነው፤ ዕዳው የራሱ ነው።

ችግሩ ባንክ ስትሄዱ ይመጣል። ለትንሽ ሔቭራ ብድር ሲሰጥ ባለቤቱን «አርቩት ኢሺት»፣ የግል ዋስትና፣ ያስፈርማል። የሱቅ አከራይና ዕቃ አቅራቢም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ከፈረማችሁ በኋላ ለዚያ ዕዳ ሔቭራው አይከልላችሁም። የ1999 የኩባንያዎች ሕግ አንቀጽ 6 ደግሞ ሔቭራውን ሰው ለማታለል የተጠቀመበትን ባለቤት ፍርድ ቤት በግሉ እንዲያስከፍለው ይፈቅዳል። የድርጅቱን ገንዘብ ከቤት ወጪ ጋር መቀላቀልም ለዚህ በር ይከፍታል። ግብሩንም አስቡት፤ ሔቭራው ከትርፉ 23 በመቶ ይከፍላል፣ የተረፈውን ወደ ኪሳችሁ ስታወጡት እንደ ዋና ባለድርሻ 30 በመቶ ይጨመርበታል። ሮኤ ሄሽቦን፣ የሒሳብ አዋቂው፣ በየዓመቱ የሚጠይቀው ክፍያም አለ።

ብቻውን የሚሠራ የእድሳት ባለሙያ በገዛ እጁ ቧንቧ አፈንድቶ የጎረቤት ቤት ቢያበላሽ ሔቭራ ቢኖረውም በግሉ ሊከሰስ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያድነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ እሱን ግዙ እላለሁ፤ ሔቭራው ሠራተኛ ስትቀጥሩና ትልቅ ውል ስትይዙ ይደርሳል።

ኔኤማኑት፣ የእስራኤሉ «ትረስት»፣ በ1979 ሕግ የሚመራ ነው። ንብረቱን ኔኤማኑ፣ ባለአደራው፣ ይይዘዋል፣ ጥቅሙ ግን ለሌላ ሰው ነው፤ የኔኤማኑ የግል አበዳሪዎች ሊወስዱት አይችሉም። ለዕዳ መሸሻ ግን አይሆንም። በ2018 የኪሳራ ሕግ መሠረት መክፈል ያቃተው ሰው ንብረቱን ለዘመድ ሰጥቶ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት አራት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሽረው ይችላል። ክሱ ከመጣ በኋላ ንብረት ለማሸሽ ወደ ኦሬክ ዲን፣ ወደ ጠበቃ፣ መሮጥ ከንቱ ነው። ቤቱን በልጅ ስም ማዞርም ቀላል መፍትሔ እንዳይመስላችሁ፦ የልጁ ዕዳና ፍቺ ከቤቱ ጋር ይያያዛል፣ ነገ የራሱን ቤት ሲገዛም እንደ ሁለተኛ ቤት ተቆጥሮ ከፍተኛ የግዢ ግብር ሊጠየቅ ይችላል።

ኔኤማኑት በእውነት የሚያስፈልገው አካል ጉዳተኛ ወይም ሕመምተኛ ልጅ ላለው ወላጅ ነው። «ከእኔ በኋላ ማን ያየዋል?» የሚለውን ጥያቄ በወረቀት ይመልሳል፤ ገንዘቡ ለምን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚቆጣጠር አስቀድሞ ይጻፋል። ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስቆጭም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ለልጅ ብድር ዋስ አድርጋችሁ አታስፈርሟቸው። ፊርማ የሚጠይቅ ሰው ቤት ድረስ ቢመጣም ወረቀቱ በቤታችሁ ይደር፣ ቃል በቃል በአማርኛ ይነበብላቸው፣ የሻጩ ወይም የባንኩ ያልሆነ ኦሬክ ዲን ይየው።