ባለዕዳው ምስጢር ጠባቂ

እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንድ ሰው ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ ስልክ ደወለ። ኤፍቢአይ ድምፁን ቀዳ፤ የማን እንደሆነ ግን ለዓመታት አላወቀም። ደዋዩ ሮናልድ ፔልተን በብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ 14 ዓመት ሠርቶ፣ በ1979 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስመዝግቦ ሥራ የለቀቀ ሰው ነበር። ሰነድ አልሰረቀም፤ የሸጠው በጭንቅላቱ የያዘውን ነው። ለዚያ ሁሉ ያገኘው 35 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በ1986 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

የሲአይኤው አልድሪክ ኤምስም በ1985 ለሶቪየቶች መሥራት ሲጀምር ከፍቺ የተረፈ ዕዳ ነበረበት። የመጀመሪያ ክፍያው 50 ሺህ ዶላር ነበር። በኋላ 540 ሺህ ዶላር ቆጥሮ ቤት ገዛ፣ ጃጓር ነዳ፤ የተያዘው ግን በ1994 ነው። ዕዳውን ያላየ ዓይን ድንገተኛ ሀብቱንም ለማየት ዘገየ።

ዛሬ የአሜሪካ መንግሥት ክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢር የማየት ፈቃድ፣ ሲሰጥ የሚመራው ከሰኔ 2017 ጀምሮ በሚሠራ መመሪያ ነው። ከ13 መመዘኛዎቹ አንዱ ገንዘብ ነው። አመልካቹ የሚሞላው ቅጽ ባለፉት 7 ዓመታት ከ120 ቀን በላይ ሳይከፈል የቆየ ዕዳ መኖሩን ይጠይቃል። “ከዚህ በላይ የተበደረ አያልፍም” የሚል ጣሪያ ግን የለም። ሥራ ማጣት፣ ሕመም ወይም ፍቺ ያመጣው ዕዳ፣ ባለዕዳው አበዳሪዎቹን አነጋግሮ በየወሩ የሚከፍል ከሆነ ሊታለፍ ይችላል። ዕዳውን ከቅጹ ላይ የደበቀ ሰው ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ጥያቄው ከገንዘብ አልፎ የሐቀኝነት ይሆናል። የግብር ማስታወቂያ ሳያስገባ የቆየም ይከብደዋል።

በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ፣ ለመንግሥት ኮንትራክተር ለሚሠራ ሐበሻ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ለአጎት ልጅ መኪና ዋስ ሆኖ ይፈርማል፤ ልጁ መክፈል ሲያቆም ዕዳው በዋሱ ስም ክሬዲት ሪፖርት ላይ ይወጣል። “እንዴት እምቢ እለዋለሁ?” ማለት ቅጹ ላይ አይሠራም፤ ይሉኝታ የሚሞላበት ሳጥን የለም። ለእናት የሚላከውም ብር ቢሆን፣ ቅጹ የሌላ አገር ዜጋ ትረዳለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እኔን የሚያስገርመኝ ራሱ መንግሥት ነው። ከታኅሣሥ 2018 መጨረሻ አንስቶ በበጀት ውዝግብ ለ35 ቀናት ሲዘጋ 800 ሺህ ያህል ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ አስቀረ፤ ክሊራንስ የያዙትም የቤትና የመኪና ክፍያቸው ቀኑ ሲያልፍ ይቆጥሩ ነበር። ክሊራንስ ያጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራውንም ያጣል፤ ከዚያ ዕዳውን በምን ይክፈል?

ክሊራንሱ በዕዳ የተነሳ ጥያቄ ውስጥ የገባበት ሰው የኮንትራክተር ሠራተኛ ከሆነ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ዕዳዎቹ አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። በ20 ቀን ውስጥ በእያንዳንዱ ትይዩ “አምናለሁ” ወይም “እክዳለሁ” ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ የከፈለባቸውን ደረሰኞች መፈለግ ይጀምራል።