ያው ኮድ፣ የተለያየ ደሞዝ

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ጥያቄው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ «አዲስ አበባ ሆኜ ለአሜሪካ ኩባንያ በሪሞት እሠራለሁ። ሲያትል ካለ ባልደረባዬ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ነን፤ አንዳችን የሌላችንን ኮድ ሪቪው እናደርጋለን። እሱ የሚከፈለው ግን የእኔን ብዙ እጥፍ ነው። ስጠይቃቸው የኑሮ ውድነት ልዩነት ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

በአብዛኛው እውነት አይደለም።

ነገሩ የኑሮ ውድነት ቢሆን ኖሮ ለንደን ያለ ኢንጂነር ሲያትል ካለው ጋር ተቀራራቢ ደሞዝ ባገኘ ነበር። የለንደን የቤት ኪራይ ማንንም አይምርም። ሆኖም እዚያው ኩባንያ፣ እዚያው የሥራ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ለንደን ሲሆን የሚከፈለው በግልጽ ያንሳል። ደሞዝ የሚመድቡት ሰዎች የሚያጠኑት የዳቦና የኪራይ ዋጋ አይደለም። የሚያጠኑት በዚያ ከተማ ይህን ሰው ሌላ ቀጣሪ በስንት ሊወስድብን ይችላል የሚለውን ነው። የሶፍትዌር ኩባንያው ጊትላብ ይህን አይደብቅም፤ ለማንም ክፍት ባደረገው የሥራ መመሪያው ላይ የሚከፍለው በየአካባቢው የሥራ ገበያ ዋጋ እንጂ በኑሮ ውድነት እንዳልሆነ ጽፎታል። ኪራይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚመጣ ነው፤ ደሞዝ ሲወጣ አከራይም ይሰማል።

እኔ የምኖርባትን ሲያትልን እንውሰድ። ማይክሮሶፍት በ1975 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ውስጥ ነው። በ1979 ወደ ሲያትል አካባቢ የተዛወረው መሥራቾቹ ቢል ጌትስና ፖል አለን የዚሁ አገር ልጆች ስለነበሩ ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ጄፍ ቤዞስ አማዞንን ሊመሠርት ከተማ ሲመርጥ ማይክሮሶፍት ያከማቸው የኢንጂነር ብዛት አንዱ ምክንያቱ ሆነ፤ ሌላው የሽያጭ ግብር ጉዳይ ነበር። ጉግል በ2004 ከርክላንድ ላይ ቢሮ ከፈተ፤ ፌስቡክ በ2010 ከካሊፎርኒያ ውጪ የመጀመሪያውን የኢንጂነሪንግ ቢሮውን እዚሁ አደረገ። ሁለቱም ዓይናቸው ማይክሮሶፍትና አማዞን ያሉት ሠራተኞች ላይ ነበር። መርካቶ ሸማ ተራ ነጋዴው ከተፎካካሪው ጎን ሱቅ የሚከፍተው ገዢው ወደዚያ ስለሚመጣ እንደሆነ ሁሉ፣ ኩባንያዎችም ኢንጂነር ወዳለበት ይጠጋሉ። በተጠጉ ቁጥር ለአንድ ሰው የሚጫረቱት ይበዛሉ፤ ዋጋው ይወጣል። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ከደሞዝ ላይ የግዛት የገቢ ግብር አለመቁረጡም ከካሊፎርኒያ ሰው ለመሳብ አግዟል።

ካሊፎርኒያ ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት። ከ1872 ጀምሮ የሚሠራበት ሕጓ፣ አሠሪ ሠራተኛውን «ከእኔ ወጥተህ ተፎካካሪዬ ጋር አትቀጠርም» ብሎ በውል እንዳያስር ይከለክላል። ሰኞ አንዱ ጋ ለቀህ ማክሰኞ መንገድ ተሻግረህ ተፎካካሪው ጋ መግባት ትችላለህ። ሲሊከን ቫሊን ሲሊከን ቫሊ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነጻነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ የሚጠራጠር ካለ ከኩባንያዎቹ የተሻለ ምስክር የለም። አፕል፣ ጉግል፣ ኢንቴል እና አዶቤን ጨምሮ ትልልቆቹ ሠራተኛ ላለመነጣጠቅ በምስጢር ተስማምተው ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2010 እ.ኤ.አ. ደርሶባቸው ስምምነቱን አስተዋቸው፤ ሠራተኞቹም ከሰሱ። አራቱ ኩባንያዎች በ2015 በጸደቀ እርቅ 415 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ደሞዝ የሚወጣው በኑሮ ውድነት ቢሆን ኖሮ ላለመነጣጠቅ መማማል ምን ያስፈልጋቸው ነበር? ስልክ ደውሎ የሌላውን ኢንጂነር ማነጋገር ብቻውን የሁሉንም ደሞዝ እንደሚያንር ያውቁ ነበር። ይህን ታሪክ ለማውቀው ጀማሪ ሁሉ የምነግረው ለዚህ ነው።

ኮቪድ ሲመጣ ብዙዎቻችን ሪሞት ይህን ልዩነት ያጠፋዋል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። በግንቦት 2012 ዓ.ም. የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ብዙ ሠራተኞቹ ከፈለጉበት ቦታ መሥራት እንደሚችሉ፣ ደሞዛቸው ግን እንደሚኖሩበት አካባቢ እንደሚስተካከል አስታወቀ። የክፍያ ኩባንያው ስትራይፕ ከውድ ከተሞች ለሚወጣ ሠራተኛ 20 ሺህ ዶላር አንድ ጊዜ ሰጥቶ ደሞዙን እስከ 10 በመቶ ሊቀንስበት ወሰነ። ሬዲት በተቃራኒው አሜሪካ ውስጥ የነበረውን የአካባቢ የደሞዝ እርከን አነሳ። 37ሲግናልስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ሠራተኛው የትም ይኑር የትም በሳን ፍራንሲስኮ ገበያ ከፍተኛውን 10 በመቶ መለኪያ አድርጎ መክፈልን መርጧል። እኔ የማከብረው ይህንን የመጨረሻውን ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ ዓይነት ኃላፊነት የሰጡትን ሰው በአድራሻው ከፋፍሎ መክፈል፣ በገበያ ቢብራራም፣ ሥራውን አብሮ ለሚሠራው ሰው ፍትሐዊ አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ኩባንያ ጥቂት ነው፤ ዕቅዳችሁን በጥቂቶቹ ላይ አትመሥርቱ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። «እኛ ርካሽ ከሆንን ለምን ተሻምተው አይቀጥሩንም?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ርካሽነት ብቻውን አያስቀጥርም። ማይክሮሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የልማት ማዕከሉን ናይሮቢና ሌጎስ ላይ ሲከፍት፣ ጉግልም በ2022 የምርት ልማት ማዕከሉን ናይሮቢ ላይ እንደሚያደርግ ሲያስታውቅ፣ አዲስ አበባን ያልመረጡት በሰዓት ልዩነት ሊሆን አይችልም፤ ናይሮቢና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት። ቀጣሪ የሚያየው ሌላ ነገር አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት አገር አቀፍ ሆኖ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ከውጭ ቡድን ጋር ይሠራ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ከሥራው ጠፋ። እንዲህ ያለውን ቀጣሪ ቶሎ አይረሳም። የውጭ ምንዛሪ ሕጉ፣ ገንዘብ የማስገቢያው ጣጣ፣ ሠራተኛን በሕጋዊ መንገድ ለመቅጠር የሚያስፈልገው ወረቀት ሁሉ ይጨመርበታል። ናይሮቢ ላይ ትልልቆቹ ሲገቡ ደግሞ የሆነው ሲያትል ላይ የሆነው ነው፤ የኬንያ ጀማሪ ኩባንያዎች ኢንጂነሮቻችንን በደሞዝ ወሰዱብን ብለው በይፋ አማረሩ። ኩባንያዎቹን ቢያምም ለኢንጂነሩ መልካም ዜና ነበር።

የአሜሪካ ሕግም ከላይ ሆኖ ይገፋል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከአገር ውጪ ሶፍትዌር ለማሠራት ያወጣውን ወጪ ለግብር የሚያቀናንሰው በ15 ዓመት ከፋፍሎ ነው። በ2025 የወጣው ሕግ የአገር ውስጡን ወጪ ወዲያው እንዲቀናነስ ሲፈቅድ የውጪውን እንዳለ ተወው። ስለዚህ እናንተ በደሞዝ ብትረክሱም በግብር በኩል ትወደዳላችሁ። በሌላ በኩል በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለአዲስ የኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ማመልከቻ 100 ሺህ ዶላር ክፍያ ታወጀ፤ ሰው ማምጣት ሲወደድ ባለበት አገር ለማሠራት የሚያስቡ ይኖራሉ። ሁለቱ ኃይሎች ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ፣ «ዘንድሮ ሪሞት ሞተ» ወይም «ዘንድሮ ሪሞት ሊፈነዳ ነው» የሚላችሁን አትመኑ።

እና ምን ይደረግ? ደሞዛችሁን የሚያወጣው ሌላ የሚፈልጋችሁ ቀጣሪ መኖሩ ከሆነ፣ ሁለተኛ ኦፈር ሳይኖራችሁ ድርድር ውስጥ አትግቡ። ከቻላችሁ ኢንተርቪዎቻችሁን አንድ ወር ውስጥ አጠጋግታችሁ ያዙ። «አሁን ስንት ነው የሚከፈልህ?» ሲሏችሁ በብር የምታገኙትን አትናገሩ፤ የምትፈልጉትን በዶላር ንገሯቸው። ካሊፎርኒያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጣሪ የቀድሞ ደሞዝ እንዳይጠይቅ የከለከለችው ይህ ጥያቄ ሰውን ድሮ በነበረበት ዋጋ ስለሚያስር ነው። ውሉ በምን ገንዘብ እንደተጻፈ ተመልከቱ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ለአንድ ዶላር 57 አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ደሞዙ በብር የተቆረጠለት ሰው ሥራውን ሳይቀንስ ለቀጣሪው በግማሽ ዋጋ ሠራ። ኮንትራክተር ከሆናችሁ ግብሩም፣ የሕመም ቀኑም፣ ዕረፍቱም በእናንተ ላይ መሆኑን ከሚጠሩላችሁ ቁጥር ላይ አስቡት። አክሲዮን እንደማይሰጣችሁም አስታውሱ፤ የሲያትሉ ባልደረባችሁ ከደሞዙ ሌላ እሱም አለው።

ትልቁ ችግራችን ግን ዝምታ ነው። በእኛ ዘንድ ደሞዝ አይጠየቅም፣ አይነገርም። ኮሎራዶ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጣሪ በሥራ ማስታወቂያው ላይ ደሞዙን እንዲጽፍ ስታስገድድ፣ አንዳንድ ኩባንያዎች «የኮሎራዶ ነዋሪ ማመልከት አይችልም» እስከ ማለት ደረሱ። ቁጥሩ እንዳይታወቅ ይህን ያህል ከደከሙ፣ እኛ በነጻ ልንደብቅላቸው አይገባም።

ስለዚህ ለውጭ ኩባንያ የምትሠሩ በሙሉ፣ ከቻናሉ በታች ባለው ፎርም የሥራ ደረጃችሁን፣ የሥራ ልምድ ዓመታችሁን፣ የኩባንያውን አገር፣ ቋሚ ወይም ኮንትራክተር መሆናችሁን፣ የሚከፈላችሁን መጠንና ገንዘቡን ላኩልኝ። ስም፣ ስልክ፣ የኩባንያ ስም አልፈልግም። በቂ ሲሰበሰብ በደረጃና በአገር ለይቼ ሁሉንም እዚሁ እለጥፋለሁ።